ዜሮ የተጻፈበት ወንዝ

ወንድሜን ድሮ ሰፈርተኛው «ሜትሩ» ነበር የሚለው። «ዜሮ» ያሉት ግድቡ ከተሠራ በኋላ ነው። ለሁለተኛው ስም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው። እህት ስለሞተ ወንድሟ ስትጽፍ ታጋንናለች የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ደግ ደጉን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ክፉው የራሴ ነው፤ እሱንም አልደብቅም። ከሰፈሩ ሰው ደብቄ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

የወንድሜ ሥራ የወንዝ ውሃ ከፍታ ማንበብ ነበር። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ከቤቱ ጓሮ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር የተተከለ ነጭ የብረት ሜትር አለ። በጥቁር ቀለም ከዜሮ እስከ አራት ሜትር ተጽፎበታል። ወንድሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ውሃው የት ጋ እንደደረሰ ያያል፣ ይጽፋል። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሶ ሄዶ ያያል፣ ይጽፋል። በቃ። ወሩ ሲያልቅ ቅጹን ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቶ ወደ ከተማ ይልካል። ከተማ ላይ ቅጹን የምትቀበለው፣ የምትመዘግበውና መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩና። የሥራ ቦታው ክፍት መሆኑን የነገርኩትም እኔው ነኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያውም እጄ አለበት።

ይህን ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ሠራው። ሃያ ሰባት ዓመት በቀን ሁለቴ! አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም ብል ማን ያምነኛል? ሚስቱን ብትጠይቋት ታምናላችሁ። የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ዕለት፣ እንግዳው ገና ማዕድ ላይ እያለ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል የሙሽራዋ አባት ጠፋ። እኔ ደነገጥኩ፤ ሚስቱ ግን ፈገግ አለች።

«ጣውንቴ ጋ ሄዶ ነው» አለችኝ። «ያቺን ብረት ሳያይ አይውልም። እኔን ያላየበት ቀን ግን ሞልቷል።»

እውነትም በሱፍ ልብሱ ላይ የጎማ ቦቲውን አጥልቆ፣ እርሳሱን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከወንዙ ሲመለስ አገኘነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ «ሁለት ሴንቲ ቀንሷል» ብሎ እጁን ታጥቦ ገባ። ረጅም፣ ቀጭንና ግትር ሰው ነበር። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ለማንበብ ጭቃ ላይ ይንበረከካል። «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ግማሽ ሴንቲ ምን ያደርጋል? ማን ይጠይቅሃል?» ስለው «እኔ እጠይቃለኋ» ይለኝ ነበር። አንዳንዴ ቆሽቴን ያሳርረኝ ነበር፤ ዛሬ ያ ግትርነቱ ነው የናፈቀኝ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን በደንብ ካልተነገረ አይገባም።

ሜትሩን የተከሉት ባለሙያዎች የመጡት በክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ማን ጎርፍ ውስጥ ይገባል? ከመኪናቸው ወርደው፣ ቅርቡ ዳር ላይ ለመትከል የተመቻቸውን ቦታ መርጠው ተክለውት ሄዱ። በጋ ሲመጣ ታዲያ ወንዙ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ማዶ ይሸሻል። በወዲያኛው ዳር ከገደሉ ሥር፣ ስፋቱ ሁለት እርምጃ የማይሞላ ጥልቅ መውረጃ አለ፤ በጋውን ሙሉ ውሃው በዚያ ይሄዳል። ሜትሩ ግን በወዲህ በኩል ደረቅ ጠጠር ላይ ቆሞ ይቀራል። ወንዙ እየሄደ ሜትሩ ምንም አያሳይም ማለት ነው። በዓመት አርባ አርባ አምስት ቀን እንዲህ ነው።

ያ የማዶው መውረጃ ለወንድሜ ልዩ ነበር። አንድ በጋ እጄን ይዞ በጠጠሩ ላይ አሻግሮ ወሰደኝና «ጎንበስ በይ» አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ገደሉ ጥላውን ስለሚጥልበት ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ጣት የማያክሉ የዓሣ ጫጩቶች ሥር ለሥር ተሰልፈው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ ከውሃው ጋር ሲታገሉ አየሁ። ከነሱ ዝቅ ብሎ ትልልቆቹ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝተዋል። ድንጋይ ሲያነሳ ሸርጣን ሮጠች፤ ጮኼ ዘለልኩ፤ ሳቀብኝ።

«እታለሜ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ዓሣ በጋውን የሚያልፈው እዚህ ነው» አለኝ። «ይቺ ከተቆረጠች ክረምት ሲመጣ ውሃው ባዶውን ነው የሚመጣው።»

እንዲህ የሚያውቅ ሰው «ዜሮ» ብሎ አይጽፍም። አልጻፈምም። በመጀመሪያው ዓመት በጋ የላከውን ቅጽ ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ። ቁጥር በሚጻፍበት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሰረዝ አድርጎ፣ ከጎኑ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ሜትሩ ደርቋል፤ ወንዙ በማዶ ይሄዳል፤ ጉልበት ይደርሳል» ይላል። በማግሥቱ «እንደ ትላንቱ ነው»። ሌላ ቀን «ትንሽ ቀንሷል፤ ከጉልበት በታች፤ ዓሣው ደህና ነው»። እንዲህ እያለ ወሩን ሙሉ። ሁለተኛውም ዓመት፣ ሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ።

የክፍል ኃላፊያችን ቁጣ ቁርሱ የሆነ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው የጎርፍ ቁጥር ነው፤ ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች ስለሚጠይቁት። የበጋ ውሃ ማንም ጉዳዬ አይልም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ከበላይ ቁጥጥር ይመጣል ተባለና ኃላፊው መደርደሪያዬን ሲያገላብጥ የወንድሜን ቅጾች አገኘ። አንዱን አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

«ይሄ ቅጽ ነው ወይስ የፍቅር ደብዳቤ? ‹ዓሣው ደህና ነው› ይለኛል እንዴ! ሳጥኑ ቁጥር ነው የሚለው። ሜትሩ ምንም ካላሳየ ዜሮ ነው። አጽድተሽ ገልብጪው።»

እኔ ምን አልኩ? «እሺ ጌታዬ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ወንድሜ መሆኑን እንኳ አልተናገርኩም፤ አፍሬ። ዘጠኝ ቅጽ ነበር፤ የሦስት ዓመት በጋ። አዲስ ቅጽ አወጣሁ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዝኩ፣ ሁለት ቀን ተቀምጬ ገለበጥኳቸው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከግርጌ ያንባቢው ስም በሚለው ቦታ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። ሲያልቅ የሱን ቅጾች አንድ ላይ ይዤ ለሁለት ቀደድኳቸውና ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። መዝገብ ቤት ውስጥ ዋና ሰነድ እንደማይቀደድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ግን መደርደሪያው ንጹሕ እንዲሆን ፈለግሁ፤ እውነቱ ይሄው ነው። ቁጥጥሩም መጣና አመሰገነን።

በቀጣዩ እረፍቴ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቦቲውን በጎማ እየለጠፈ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ አንድ ነገር ልለምንህ» አልኩት። «በጋ በጋ የምትጽፈውን ማስታወሻ ተወው። ሜትሩ ላይ ውሃ ከሌለ ዜሮ ብለህ እለፈው።»

ጎማውን አስቀመጠው። «ወንዙ እየሄደ?»

«ዜሮው የሜትሩ ነው እንጂ የወንዙ አይደለም። ለሚያነበው ሰው ይገባዋል።»

«ማነው የሚያነበው?»

«ማንም አያነበውም» አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። «መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አቧራ ይጠጣል፣ በቃ። በኔ ላይ ነው ጣጣው የሚመጣው። ኃላፊው ጮኸብኝ።»

ቅጾቹን ቀድጃቸዋለሁ ብዬ አልነገርኩትም። ጮኸብኝ የሚለውን ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሱን ሲሰማ እንደማይጨክንብኝ አውቃለሁ። ጎማውን መልሶ አነሳና «አንቺን የሚያስጮህብሽ ከሆነ ይቅር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት በጋ በገዛ እጁ ዜሮ ጻፈ። ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። ባለሙያዎች በመጡ ቁጥር «አንዲት ተጨማሪ ሜትር በማዶ ትከሉልኝ» እያለ ይለምናቸው ነበር። ሁሌ የሚመጡት ጎርፍ ሊለኩ በክረምት ነው፤ ማዶው አይታያቸውም። «እሺ አባባ፣ እናየዋለን» ብለውት ይሄዳሉ። እሱም ሁልጊዜ ያምናቸዋል፤ እኔ ደግሞ እስቅበት ነበር።

ከዚያ የግድቡ ወሬ መጣ። ከወንድሜ ቤት በላይ፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀት ላይ ወንዙን አቁመው በቦይ ወደ እርሻዎች ሊወስዱት ነው። ወንድሜ ግድቡን አልጠላም። «ሰው ይብላ እንጂ፤ ማን እንዳይበላ ይላል?» ነበር ያለው። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጋውን። ጥናቱን የያዘው መነጽራም መሐንዲስ ለመንደሩ ሰው ሕጉን አስረዳ፦ ግድቡ በየወሩ ወደ ታች መልቀቅ ያለበት ወንዙ ድሮ በዚያ ወር ይሄድ የነበረውን ዝቅተኛ ውሃ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። የማዶዋ መውረጃ ዳነች ማለት ነው። ቀጥሎ ግን መሐንዲሱ ሰንጠረዥ አወጣ። በዓመት አርባ አምስት ቀን ወንዙ ይደርቃል ይላል። በነዚያ ቀናት የግድቡ በር ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ድሮም ውሃ አልነበረም።

በማግሥቱ ወንድሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከተማ ገባ። በሩን ሲያንኳኳ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ፤ ሻይ ብሰጠው አልጠጣም።

«አነበቡት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዜሮዎቹን። ማንም አያነበውም ያልሽኝን።»

እሱ ግን ሊወቅሰኝ አልነበረም የመጣው፤ መላ ይዞ ነው የመጣው። «ስሚ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ቅጾች አሉ አይደል? ማስታወሻ የጻፍኩባቸው? በሚመጣው ሳምንት ስብሰባ አለ። ፈቃዱ የሚሰጠው እዚያ ነው። ሰብሳቢዋ ትላንት ከመሐንዲሱ ጋር መንደር መጥታ ነበርና አናግሬያታለሁ፤ ደግ ሴት ናት። ሜትሩ ዜሮ ሲል ወንዙ ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ አንድ የጊዜው ወረቀት፣ ወይ በዓይኑ ያየ የመሥሪያ ቤት ምስክር ካመጣህ ነገሩን አቆየዋለሁ ብላኛለች። ወረቀቶቹ ካሉ አለቀ!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ እኔና እሱ ብቻ በነበርንበት፣ «ወንድም ጋሼ፣ ቀድጃቸዋለሁ» ብል ምን ይለኝ ነበር? ይቆጣል፤ ይቆጣና ሌላ መላ እንፈልጋለን። እኔ ግን «መፈለግ ነው፤ የድሮ ነገር ተዘበራርቋል» አልኩት። ደስ ብሎት ተነሳ። በር ላይ ግንባሬን ስሞ «አንቺ ካለሽልኝ ምን እሆናለሁ» ብሎኝ ሄደ። እኔም አልጠራሁትም።

ያን ሳምንት የሌለ ወረቀት ስፈልግ ከረምኩ። እንዴት ነው የሚባለው፣ ራሴን ማታለሌ ነው። መሰላል ወጥቼ፣ አቧራ አራግፌ፣ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ አገላበጥኩ፤ አንድ ቅጽ እንኳ ከቅርጫት ተርፎ ይሆናል እያልኩ። ኃላፊው ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እሱን አልፈራም። የፈራሁት «የመንግሥት ሰነድ አጥፍተሻል» መባሉን ነው። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሁሉ «እሷ እኮ መርፌ አይጠፋባትም» ነው የሚለኝ። ያ ስሜ ነበር ያሳሳኝ።

ስብሰባው የተደረገው በትልቁ አዳራሽ ነው። መዝገቦቹን ይዤ እንድገኝ ስለታዘዝኩ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ፋይሎቹ ጭኔ ላይ። ወንድሜ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ መጥቷል። የመንደሩ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ ወንዙ ደርቆ እንደማያውቅ ተናገሩ፤ አንዷ አሮጊት «በበጋ ልብስ የት ነው የማጥበው ታዲያ፣ በምራቄ?» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ትሕትና ነበረው። ቅጾቹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያሳየ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አወረዳቸው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

«ይህ የርስዎ መዝገብ ነው?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ቆሞ አየው። በጣም ረጅም ጊዜ ነው ያየው፤ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ እኛ ወንበር አየ፤ እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ፋይል ነበር የማየው። «አዎ፣ የኔ ነው» ሲል ሰማሁት።

«ሃያ ሰባት ዓመት ዜሮ ብለው ጽፈዋል። ዛሬ ደግሞ ይሄድ ነበር ይላሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትኛውን እንመን?»

ወንድሜ የሜትሩን ነገር ሊያስረዳ ሞከረ። ማዶ፣ ወዲህ፣ ጠጠር፣ ገደል… ያ ውሃን በግማሽ ሴንቲ የሚያነብ ሰው አዳራሹ መሃል ምላሱ ተሳሰረ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ከመዝገብ ቤት የመጣሽው እህት፣ ከነዚህ ሌላ የቆየ ቅጽ አለ? ወይም የምታውቂው ነገር?»

ብድግ አልኩ። እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እምላለሁ መጥቶ ነበር። ከዚያ «የለም፣ ያለው ይሄው ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። ፈቃዱ ለአስራ ሁለት ዓመት ጸደቀ።

ግድቡ ሁለት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያው በጋ በሩ ሲዘጋ ወንድሜ ጋ ሄድኩ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሰበብ የለኝም። ቤት አልነበረም። ሚስቱ በአገጯ ወደ ወንዙ ጠቆመችኝ፤ የድሮ ቀልዷን አልቀለደችም። ወርጄ አገኘሁት። የማዶዋ መውረጃ ድንጋይዋ አፍጥጧል፤ ገደሉ ሥር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ገበቴ የምታክል ትኩስ ውሃ ቀርታለች፤ ዓሣው ጎን ለጎን ተደራርቦ አፉን ከውሃው በላይ ይከፍታል። ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ በባልዲ ይቀዳቸዋል።

«የት ልትወስዳቸው ነው?»

«ከግድቡ በላይ» አለኝ። «አንድ ሰዓት ይፈጃል። እነሱ ግን በባልዲ ግማሽ ሰዓት አይቆዩም። ትላንት ሦስቴ ተመላለስኩ፤ አንድም በሕይወት አልደረሰልኝም።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ሰባ የተጠጋ ሰው፣ በዚያ ፀሐይ። ከድልድዩ ላይ ጎረምሶች «ዜሮ! ዜሮ ዓሣ አጥማጁ!» እያሉ ጮኹበት። ያን ጊዜ ነው ስሙን የሰማሁት። ደሜ ፈላ፤ ድንጋይ አንስቼ ልወረውር ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ግን ማንን ነው የምወግረው? እነሱ ያዩት ወረቀቱ ላይ የእሱን ስም ነው። የጻፈችውን አላዩዋትም።

ቤቴ ተመልሼ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ቅጾቹን መገልበጤን፣ መቅደዴን፣ ስብሰባው ላይ መዋሸቴን፣ ማስታወሻዎቹ ምን ይሉ እንደነበር የማስታውሰውን ሁሉ ጽፌ ፈርሜ ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። ሊያስሩኝ ይችላሉ ብዬ ልብሴን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ከአራት ወር በኋላ አንድ አንቀጽ መልስ መጣ፦ ጉዳዩ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ይታያል። ማንም አልተቆጣኝም። ማንም ስልክ እንኳ አልደወለልኝም።

የጻፍኩትን ቅጂ ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ነው የኖረው፤ ግን ያን ዕለት ገና ደህና ነበር። የጓዳው መስኮት ሥር ተቀምጦ መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርስ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«ይህን አውቃለሁ እኮ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ግድግዳው ላይ ያየሁት ጽሑፍ የማን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? እናታችን ገበያ ስትውል ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። ጣትሽን ይዤ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ታዲያ ለምን የኔ ነው አልክ?»

«ዞሬ አየሁሽ። አንገትሽን ደፍተሻል። ትነሺያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ስትነሺ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ልትናገሪልኝ ነው ብዬ። እኔ ላጋልጥሽ አልችልም ነበር፣ እታለሜ። አንቺ ግን ብትናገሪ ውሃው ይኖር ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስቱ ከውጭ ምሳ ደርሷል ብላ ተጣራች፤ እሱ ክንዴን ይዞ አነሳኝና አብረን ገባን።